የሰዓት ሠሪው ፊት

በእኛ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ዓይን የሚሰጠው በዕድሜ ታናሽ የሆነው ሰው ነው። ይህን ያወጀ አካል የለም፤ እንዲሁ የመጣ ልማድ ነው። በሩ ሲዘጋ ከቁልፎቹ በላይ ያለው ስክሪን ማስታወቂያውን ይጀምራል፤ አንድ ሰው ቀና ብሎ እስካየው ድረስ ሊፍቱ ይወጣል። ሁሉም ካቀረቀሩ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ አዛውንት ሲገባ ታናሹ "እርስዎ ይረፉ፣ እኔ አያለሁ" ይላል፤ ድሮ በአውቶቡስ ወንበር ይለቀቅ እንደነበረው ማለት ነው። አብሮት የሚሳፈር ያጣ አዛውንት ለራሱ ያያል፤ ካልሆነም በደረጃ ይወጣል።

ባለቤቴ መርዕድ በሞተ ሰሞን ቀና የሚልልኝ ሰው አላጣሁም። በዕድሜ የሚበልጡኝ እንኳ "ሐዘንተኛ ናት፣ እኛ እናያለን" እያሉ የታመመ አንገታቸውን ያቃኑልኝ ነበር። የሕንፃችን ሰዎች ደጎች ናቸው። የሆነውም ሁሉ የሆነው ከደግነታቸው ነው።

መርዕድ ሰዓት ሠሪ ነበር። የእጅ ሰዓት የሚያስር ሰው እየጠፋ ሲሄድ ጎሮ የነበረችውን ሱቁን ዘጋና ሥራውን መስኮት ላይ ማሳየት ጀመረ። መስኮት አገሩ ሁሉ ቪዲዮ የሚያይበት ድርጅት ነው፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ከተዘጉ ወዲህ ተወዳዳሪ የለውም። ማየት በነጻ ነው። አዘጋጁ የሚኖረው ተመልካቹ በቪዲዮው መሃል ለሚገቡት ማስታወቂያዎች በሚሰጠው ዓይን ነው። ስክሪኑ የተመልካቹ ዓይን የት እንዳረፈ ያውቃል፤ ማስታወቂያ ሲመጣ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ሲመለስ ማስታወቂያው ካቆመበት ይጠብቀዋል።

በመርዕድ ቪዲዮዎች ላይ የሚታዩት እጆቹ ብቻ ነበሩ። ጠረጴዛው፣ ወረንጦው፣ የተፈታው ሰዓት፣ ሁለቱ እጆች፣ ከዚያ ድምፁ። ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ። ልጅ ሳለ ቡታጋዝ ፈንድቶበት የፊቱ ግራ ጎን ከግንባሩ እስከ አገጩ ተቃጥሎ ነበርና ፊቱ እንዲቀረጽ አይፈልግም። "ሰው ሰዓቱን ይይ፤ እኔን አይቶ ምን ሊጠቅመው?" ይል ነበር። አይቶት የሚደነግጥ ሰው አያስቀይመውም። የሚያስቀይመው አይቶት ያላየ የሚመስለው ነው።

እያንዳንዱን ቪዲዮ የሚጨርሰው በአንድ ዓይነት ቃል ነበር፦ "መጋረጃችሁን ግለጡልኝ ወገኖቼ፤ የምኖረው በእናንተ ዓይን ነው።" መጋረጃ የሚባለው ማስታወቂያውን የሚከልለው በድብቅ የሚጫን ነገር ነው። መጋረጃ የጣለ ሰው ሥራውን ያያል፤ የእሱ ዓይን ግን አይቆጠርም፤ ለአዘጋጁ እንዳልመጣ ነው። መርዕድ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። ኤሌክትሪሺያን ከሆነው ታናሽ ወንድሙ ከሳህሉ ጋር የተኳረፉትም በዚህ ነው።

"ወንድሜን ለማየት ብዬ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ልፍጠጥ?" አለው ሳህሉ፣ አንድ እሑድ ቤታችን ምሳ ላይ። "ከፈለግከኝ ጥራኝ፣ እመጣለሁ።"

"ሥራዬን አይተህ ዓይንህን ከነፈግከኝ ኪሴ ገባህ ማለት ነው" አለው መርዕድ።

"ኪስህ ምን አለና?"

ይህን በቀልድ ነበር ያለው። መርዕድ ግን ሳህኑን ገፋ አደረገና ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች የተገናኙት መርዕድ ሐኪም ቤት ሲተኛ ነው።

*

ተመልካች ያጣ ቻናል ከአንድ ወቅት በላይ አይቆይም። ዓይን የሚሰጠው ከጠፋ መስኮት ይዘጋውና በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ገልብጦ ማስቀመጥ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ከመስኮት ላይ የሚቀረጽ ምስል ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። እኛም እንደ ሰው ሁሉ የቀረጽነውን የምናስቀምጠው እዚያው ነበር።

ስለዚህ በዚህ ዘመን እድር ለሐዘንተኛ ድንኳንና ብርጭቆ ብቻ ይዞ አይመጣም። ሟቹ ቻናል ካለው የዓይን ተራ ያወጣል። በመርዕድ ቀብር ማግስት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሰው የሕንፃው የጋራ ቤት ውስጥ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ "የመርዕድ ሥራ እኛ እያለን አይዘጋም። ማንም ሰው መጋረጃ እንዳይጥል። ማስታወቂያውንም ሥራውንም እኩል እናያለን" አሉ። ሁሉም "እሺ" አለ።

በሦስቱ ቀንም፣ ከዚያም በኋላ በየእሑዱ፣ የጋራ ቤቱ ስክሪን ላይ መርዕድን እናይ ነበር። የሳሙናው ማስታወቂያ ሲመጣ ሐዘንተኛው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እንባውን እየጠረገ፣ ለሳሙናው ዓይኑን ይሰጣል። ከዚያ እጆቹ ይመለሳሉ።

"ወይ እጅ!" ትላለች ጎረቤቴ ዘርፌ። "ወይ መርዕድ፣ ይሄ እጅህ አፈር ይግባ?"

ያኔ ልቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ፣ ፊቱን እያየ ነው የሚያለቅሰው። እኛ ጋ ፎቶ የለም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ከደረት በታች ነው። ሰዎቹ ሲያለቅሱ ዓይናቸው ከእጆቹ ይነሣና ወደ ላይ፣ ምስሉ ወደሚያልቅበት ጠርዝ ይሄዳል፤ አንገት ሊኖርበት ወደሚገባው ቦታ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባዶው ግድግዳ። እኔም ሳላውቀው እንደዚያ አደርግ ነበር። ስክሪኑ ይህን ሁሉ ሲያይ ነበር።

*

ፊቱ የመጣው ከአርባው በፊት ነው።

እሑድ ነበር፤ የጋራ ቤቱ ሞልቷል። መርዕድ የአንድ አሮጌ ሰዓት ሞላ እያወጣ ሳለ ሥራው ተቋረጠና ማስታወቂያ ገባ። ሳሙናው አልነበረም። የመርዕድ ጠረጴዛ ነው፤ ወረንጦውም የእሱ ነው፤ እጆቹም። ካሜራው እኔ ፈጽሞ አድርጌው በማላውቀው መንገድ ከእጆቹ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ደረት፣ አንገት፣ ከዚያ ፊት። ጸጉሩ ጆሮው ላይ ሸበት ያለ፣ ሁለቱም ጉንጩ የለሰለሰ፣ ዓይኑ የሚስቅ ሰው።

"እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ" አለ በመርዕድ ድምፅ። "ሰው ሰዓቱን ከመጠገኑ በፊት ወገቡን መጠገን አለበት።" ከዚያም ስለ አንድ የወገብ ቅባት ተናገረ።

ጋሽ ደምሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላ አንዲት ሴት "በስመአብ" አለች። ዘርፌ ግን ተነሥታ ወደ ስክሪኑ ቀረበችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"አየሽው እታፈራሁ?" አለችኝ። "ሳይቃጠል ቢያድግ ይሄን ነበር የሚመስለው።"

"መርዕድ እንዲህ አይመስልም" አልኳት።

"አውቃለሁ እኮ እህቴ። ቢሆን ነው ያልኩት።"

ማስታወቂያው አልቆ እጆቹ ተመለሱ። በዚያን ቀን ግን ወደ ላይ የሚያይ ሰው አልነበረም። የፈለጉትን አግኝተዋል።

በማግስቱ መስኮት ጋ ደወልኩ። ያናገረችኝ ሴት ናት፤ ድምፅዋ የሰው ይሁን የሌላ ነገር አሁን ማንም አይጠይቅም።

"ሐዘንዎን እንጋራለን ወይዘሮ እታፈራሁ" አለች።

"ባለቤቴ ላይ የሌላ ሰው ፊት አድርጋችኋል።"

"የሌላ ሰው አይደለም። የማንም አይደለም። የተመልካቾችዎ ዓይን ከእጆቹ በላይ ወደሌለ ነገር ሲሄድ አየን። የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ተረዳን።"

"የሚፈልጉት እሱን ነው።"

"አዎ። ሰጠናቸው።"

ከዚያ የመርዕድን ፎቶ ልልክላት እንደምችል ነገርኳት። ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ያነሳሁት፣ የቤታችን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ግራ ጎኑን ወደ ብርሃኑ አዙሮ። ለማንም አሳይቼው አላውቅም። ላክሁት። በሳምንቱ ደውላ፣ "ፎቶውን ለጥቂት ተመልካቾች አሳይተን ነበር። ዓይን አይቆይበትም። ስለትብብርዎ እናመሰግናለን" አለችኝ።

"እንግዲያው ቻናሉን ዝጉልኝ።"

"ባለቤትዎ በፈረሙት ውል መሠረት ቻናሉ እስከታየ ድረስ ክፍት ነው። እርስዎ የወራሽ ቁልፍ አለዎት፤ ቁልፉ ግን መዝጋትን አይጨምርም።"

"ፊቱን ስንት ሰው ያየዋል?"

"ለጊዜው የሚያዝኑለት ብቻ። ሙከራ ላይ ነው።"

"ካልታየስ?"

"የማይታይ ቻናል በራሱ ይዘጋል" አለች፤ ከዚያም እንደ ሁልጊዜው ሌላ የምታግዘኝ ነገር ካለ ጠየቀችኝ።

*

ሰው ይለምዳል። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ ፊቱ ሲመጣ ወደ እኔ ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር፤ በኋላ ተዉት። ዝናቡ ሲያልፍ ፊቱ ከወገብ ቅባት አልፎ የደም ግፊት ሻይና የመቃብር ዕብነ በረድ መሸጥ ጀመረ። አቶ ፈለቀ የሚባሉ ከታች ያሉ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ "ባልሽን ትናንት አየሁት፤ ሸሚዝ ቀይሮ! በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ይልቅ አሁን አለባበስ አውቋል" ይሉኛል። ሊያስቁኝ ነው። አንዳንዴም እስቅላቸው ነበር።

የማይመቸኝ ቀልዱ አልነበረም። ሰዎቹ ስለ መርዕድ ሲያወሩ በእጃቸው የሚያደርጉት ነገር ነበር። ድሮ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ሳያስበው የራሱን ግራ ጉንጭ ይነካ ነበር፤ ያ ነበር ምልክቱ፤ "ያ ሰዓት ሠሪው" ለማለት ጣት ወደ ጉንጭ። እየቆየ ያ እጅ ቀረ። አሁን ጆሯቸው ላይ ጸጉራቸውን ነው የሚነኩት፣ ሸበት ያለውን ቦታ።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ከገበያ ስመለስ የሕንፃው መግቢያ ላይ ባነር ተሰቅሎ አየሁ። ከዳር እስከ ዳር ያ ፊት ነው። ከሥሩ "ሰዓት ሠሪው መርዕድን አንረሳም" ይላል። ጋሽ ደምሰው ከሥሩ ቆመው ገመዱን ለሚያጠብቁት ሰዎች "ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ" ይላሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"መጣሽ? ፎቶውን ከአንቺ መጠየቅ ከብዶን ነው እንጂ ሳናማክርሽ ባልሠራነው ነበር። ከመስኮት ለምነን ነው የሰጡን። በነጻ።"

"ጋሽ ደምሰው፣ ይሄ እሱ አይደለም።"

"አይደለም?"

ሊያሾፉብኝ ወይም ሊከራከሩኝ አልነበረም። ዞረው ባነሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከመርዕድ ጋር ስንት ዘመን በዚህ በር ወጥተው ገብተዋል፤ የእጃቸውንም ሰዓት በየጊዜው የሚፈታላቸው እሱ ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደማፈር ብለው፣

"የተቃጠለው ግራው ነበር ቀኙ?" አሉኝ።

*

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ለመናገር እጄን አወጣሁ። ሴቶች ብዙ ጊዜ ጉዳያቸውን በዳኛው በኩል ነው የሚያቀርቡት፤ እኔ ራሴ ቆምኩ።

"ለመርዕድ ያደረጋችሁትን ሁሉ አያለሁ" አልኩ። "አሁን የምለምናችሁ እንድትተዉት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቻናሉን ማንም እንዳያየው።"

ለጊዜው የገባው ሰው አልነበረም።

"ማስታወቂያውን ነው?" አለ አንዱ።

"ሁሉንም።"

"ካላየነውማ ይዘጋል" አለች ዘርፌ።

"አዎ፣ እንዲዘጋ ነው።"

ጉርምርምታ ተነሣ። አቶ ፈለቀ ከኋላ ሆነው "እኔን ከጠየቃችሁኝ እስማማለሁ። ያንን ቅባት ገዝቼ ወገቤ እንዳለ ነው" አሉ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዘርፌ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና ወደ እኔ ዞረች።

"ሰው የሞተበትን ለማቆየት ይለፋል እንጂ ለማጥፋት እድር ይለምናል? ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው?"

"ዘርፌ፣ ያ የምታዩት እሱ አይደለም።"

"ድምፁስ የማን ነው? እጁስ? ፊቱን ተይውና። ፊቱን ድሮም አላሳየንም። ደሞስ፣ የእውነት ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ያማረ ፊት ቢሰጡት ምን ከፋሽ? እኔ የኔውን አሳምረው ቢያመጡልኝ እግራቸውን እስማለሁ።"

ይህን ስትል ዓይኗ ሞላ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ቻናል አልነበረውም። ልነግራት የምችለው ነገር ነበር፤ በእውነተኛው ፊቱ ግራ ጎን በኩል እተኛ እንደነበር፣ ቆዳው በብርድ ጊዜ እንደሚጠነክርና ቅባት የምቀባው እኔ እንደነበርኩ። ይህ ግን ቆሞ የሚነገር አይደለም።

ጋሽ ደምሰው እጃቸውን አነሡ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ፊቱ ብቻውን አይጠፋም። እጆቹም አብረው ይጠፋሉ። ያስተማረው ሁሉ ይጠፋል። ይህን አስበሻል?"

"አስቤያለሁ።"

"ቆይተሽ ብትጸጸቺ የምንመልስልሽ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

ሌላ አልጠየቁኝም። ምክንያቴን የገመቱት ይመስለኛል፤ ከባነሩ ቀን ወዲህ አፍረው ቀና ብለው አያዩኝም ነበር። "ሐዘኑ የእሷ ነው" ብለው ጨረሱ። "ከዛሬ ጀምሮ የመርዕድ የዓይን ተራ ቆሟል። ባነሩም ይወርዳል።"

ዘርፌ ስትወጣ አጠገቤ ደርሳ ቆመች። "መጋረጃ የሚባል ነገር እንደሆነ ቤቴ አላስገባም፤ ሌባ አይደለሁም" አለችኝ። "ዝም ብዬ አላይም። ያልሽው ይሁን።" ከዚያ ወዲህ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ እሷም አታይልኝም፤ እኔም አላይላትም። አንዳችን ደረጃውን እንወጣለን።

*

ሁሉም ቃሉን ጠበቀ። እኔ ግን ማየት መተው አልቻልኩም፤ ልተወው የምችለው ዓይን መስጠቱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሳህሉን ጠራሁት።

ከሰዓት በኋላ መጣ፤ የሥራ ቦርሳውን እንደያዘ። ስክሪኑን ፈታ፣ አንድ ነገር አስገባ፣ መልሶ ገጠመ። ጊዜ አልወሰደበትም።

"ይኸው መጋረጃሽ" አለ። "ኪሴ ገባህ ያለኝን ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ። ካሜራውን ይዤ በየቪዲዮው 'መጋረጃችሁን ግለጡልኝ' ሲል የምቀርጸውም እኔ ነበርኩ።"

"እንግዲህ አሁን ሁለታችንም ገባን።"

ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን። ማስታወቂያ ሊገባበት በነበረው ቦታ ላይ ስክሪኑ ለአፍታ ግራጫ ይሆናል፤ ድምፅ የለውም፤ ከዚያ እጆቹ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ፊቱ አልመጣም። መርዕድ ወረንጦውን ሲያነሣ ሳህሉ በሹክሹክታ፣ "አሁን 'ሰዓት አይጣደፍም፣ የሚጣደፈው ሰው ነው' ይላል" አለኝ። መርዕድ ያንኑ አለ። ቀጥሎም እንደዚያ አደረገ፤ መርዕድ ከመናገሩ በፊት እሱ ይናገር ነበር። የትኛው ሰዓት የማን እንደነበረ፣ የትኛው ጥርስ ተሰብሮ እንደሚገኝ፣ እኔ ከካሜራው ጀርባ የት ላይ እንደማስል ሁሉ ያውቃል።

"ስንቴ አይተኸዋል?" አልኩት።

"ሁሉንም። በወጣ በወጣ ቁጥር።" ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አላነሣም። "ከኩርፊያው በፊትም፣ በኋላም። ደጋግሜ።"

"ለምን አልነገርከውም?"

"እንዴት ብዬ? 'ሁሉንም አይቻለሁ፣ ግን አልተቆጠርኩም' ልበለው?"

መርዕድ በየማታው የተመልካቾቹን ቁጥር ያይ ነበር። እያነሱ ሲሄዱ "ሰዓት የሚወድ ሰው አለቀ" ይለኝ ነበር። ሰዓት የሚወዱት ከመጋረጃ ጀርባ ነበሩ፤ ወንድሙም አብሯቸው ነበር። ይህን ለሳህሉ አልነገርኩትም። የሚጠቅመው ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲያልቅለት ይመጣል፤ ሁለታችን እናያለን። ያየናቸውን መልሰን አየናቸው። አንዳንድ ጊዜ እኔ ብቻዬን ስሆን የማየው እጆቹን ሳይሆን ምስሉ የሚያልቅበትን ጠርዝ ነበር። እዚያ ምን እንዳለ አውቃለሁ። አሁን በምድር ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ሳህሉም ከኩርፊያው ወዲህ ወንድሙን ያየው ከሩቅ ነበር።

ወቅቱ ያለቀው በአንድ ተራ ቀን ነው። መርዕድ የሴት የእጅ ሰዓት ገጥሞ ክዳኑን ሊዘጋ እያለ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። "ይህ ቻናል ተመልካች ስለሌለው ተዘግቷል" የሚል ጽሑፍ ወጣ። እኔና ሳህሉ ከፊቱ ተቀምጠን ነበር።

ሳህሉ ተነሥቶ ሽቦዎቹን ነካካ፤ ምንም እንደማያመጣ እያወቀ። ከዚያ ቦርሳውን አነሣና፣ "ክዳኑን አልዘጋውም እኮ" ብሎኝ ወጣ።

*

መስኮት ቃሉን ጠብቋል። ተመልካች ያጣ ቻናል ይዘጋል ብሎ ነበር፤ ዘጋው። ሙከራው ግን የቻናሉ አልነበረም፤ የመስኮት ነበር። ፊቱን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ድምፁንም ውሉ ሰጥቷቸዋል። እኛ ሕንፃ የጋራ ቤት ውስጥ በየእሑዱ ሲለቀስ ስክሪኑ ሲማር የቆየው አንድ ነገር ነበር፦ ሐዘን የገባበት ድምፅ ላይ ዓይን ይቆያል።

ይህን ያወቅሁት ለደም ግፊቴ ክትትል ጤና ጣቢያ በሄድኩ ጊዜ ነው። የመጠበቂያው ክፍል እንደ ሁልጊዜው ሙሉ ነበር። እዚያም የተራ ቁጥሩ የሚቀየረው የግድግዳውን ማስታወቂያ የሚያይ ሰው ሲኖር ነውና በሽተኛው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ተቀምጧል። አጠገቤ በዕድሜ የምትቀርበኝ፣ አይቻት የማላውቃት ሴት ነበረች።

ፊቱ ወጣ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ጠረጴዛ የለም፤ እጆቹም አይታዩም። ስለ እንቅልፍ ጠብታ ነው የሚናገረው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜ ስሰማው መርዕድ ነው፤ ትንፋሹ ሳይቀር፣ ከረጅም ቃል በፊት የምትመጣው ያቺ ትንሽ ማመንታት ሳትቀር።

"ባለቤቴን ካጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም ነበር" አለ። "ስሠራ ካሜራውን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። ከካሜራው ጀርባ ስታስል ይሰማኝ ነበር። አሁን ዝም ነው።"

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ሌላም ተከተለ። የአጠገቤ ሴት በክርኗ ነካችኝ።

"ሰሙት? ሚስቱ ሞታበት እኮ ነው። ሲያሳዝን!" አለች። "እንዲህ የሚያስታውስ ወንድ አሁን የት አለ? ታድላ!"

ዓይኔን ገለጥኩ። እሷ እያለቀሰች ነበር፤ እውነተኛ እንባ ነው፤ ስክሪኑም ያያታል።

"ነፍሷን ይማር" አለች፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞራ "ነፍሷን ይማር በሉ እንጂ" አለችኝ።

"ነፍሷን ይማር" አልኩ።